«እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለው ለምንድን ነው?



ቆቦ ላይ አራስ ጥየቃ ስንገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ልብ በሉልኝ፣ «እንኳን ወለድሽ» አይደለም፤ «ማረችሽ» ነው። ቃሉ ራሱ ታሪክ ነው። እናቶቻችን ከምጡ በኋላ የሚመጣውን ደም ያውቁት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ማህፀን ተኮማትሮ የደም ሥሮቹን ጨብጦ ይዘጋል። ካልጨበጠስ? ወሯ በገባ ሴት ማህፀን በየደቂቃው ግማሽ ሊትር ያህል ደም ያልፋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ነፍስ ልታልፍ ትችላለች። በዱሮው ጊዜ ከቆላው ቀበሌ ቆቦ በቃሬዛ፣ ከዚያ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲብስም ደሴ ነበር መንገዱ። የቅሬው ጎበዞች ቢሮጡም ደሙ ይቀድማቸዋል።

መድኃኒቱ እንዴት ተገኘ? እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከአንጎል ሥር ካለች ዕጢ የተወሰደ ፈሳሽ ማህፀንን እንደሚያኮማትር አየ። በ1953 አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ኦክሲቶሲንን በላቦራቶሪ ሠራው፤ በ1955 ኖቤል ተሸለመ። ግን መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በራያ ቆላ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ፍሪጁም አብሮ ይጠፋል እኮ! ፍሪጅ የማይፈልገው የሚሶፕሮስቶል ክኒን ለእኛ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው።

ሌላዋ የማደንቃት ባንግላዴሻዊቷ ሐኪም ሳዬባ አክተር ናት። ውዱን የማህፀን ፊኛ መግዛት ለማይችል ሆስፒታል፣ ኮንዶም ከካቴተር ጋር አስራ፣ ማህፀን ውስጥ አስገብታ በሳላይን ሞላችው። ከውስጥ ሲጫነው ደሙ ይቆማል። ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። የድሃ አገር ብልሃት ነው፤ ለድሃ አገር ይበቃል።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ 412። ጤና ኤክስቴንሽኗ፣ አምቡላንሱ፣ አዋላጅ ነርሷ ያመጡት ለውጥ ነው። ከዚያ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። ስንት ዓመት የተገነባው በወራት ፈረሰ።

ሕንፃው ይሠራል፣ ፍሪጁም ይገዛል። ደም ግን ፋብሪካ የለውም። ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1969 የደም ባንክ ሲጀምርም ሆነ ዛሬ፣ ምንጩ ያው የሰው ክንድ ነው።

ስለዚህ አደራ! ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆናችሁ፣ 45 ኪሎ የምትሞሉና ጤነኛ የሆናችሁ፣ በየሦስት ወሩ ደም ስጡ። አራስ ቤት ደግሞ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ እየራሰ ሲቀየር ካያችሁ «እስኪነጋ» አትበሉ፤ አምቡላንስ ጥሩ።

ማርያም ትማራት ዘንድ እኛም እንድረስላት።