የእንቁጣጣሽ ሥዕል ለማን ይሰጣል?

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ነው። ኢንቺስ የተባለው ድርጅት ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ያሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። ጣሊያን ወጣ፣ ስሙ ለእኛ ቀረ።

በዚህ ሰፈር ጳጉሜን ሲገባ ከደብተር ወረቀት ገንጥለን አደይ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ እንስል ነበር። መስከረም 1 ቀን ወንዶቹ ሥዕላቸውን ይዘው፣ እኛ ሴቶቹ «አበባየሆሽ» እያልን በየደጁ እንዞራለን። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ቀለም መለየትና ታላላቆቹን «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ይለምዳል። ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ ብሆንም፣ የመጀመሪያ ሒሳቤን የሠራሁት ያገኘነውን ሳንቲም ከጓደኞቼ ጋር እኩል ስንካፈል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች መደበ፤ ይህ ጨዋታ ግን ከዚያ በፊትም ያለ ክፍያ ያስተምር ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ጎረቤቶቻችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄዱ። በቀጣዩ እንቁጣጣሽ የአምስት ዓመት ልጄ ሦስት ሥዕል ሠርታ «እማዬ፣ ለማን ልስጥ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለካ ሥዕሉ ከወረቀትና ከቀለም ሌላ በር የሚከፍት ጎረቤትም ይፈልጋል።

ስለዚህ በመጪው ጳጉሜን ልጆቻችንን አንድ ቤት ሰብስበን እናስላቸው። ወረቀቱንና ቀለሙን እኔ አመጣለሁ። እናንተ ዝርዝር ሳንቲም ይዛችሁ፣ መስከረም 1 ቀን በራችሁን ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁን።