ከኮድ እስከ ማሽን፦ የአስተርጓሚው ታሪክ

ጊቫት ኦልጋ ያደግን ልጆች አስተርጓሚነትን የጀመርነው ገና አንደኛ ደረጃ ሳለን ነው። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ዕብራይስጡን ለእማማና ለአባባ በአማርኛ የምንነግራቸው እኛ ነበርን። ያልገባንን ቃል ግን ዝም ብለን እየገመትን እናልፈው ነበር፤ በዚህ የተነሳ ቀጠሮ ያለፈን ጊዜም አለ።

ኮምፒዩተርም አስተርጓሚ አለው፤ ኮምፓይለር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ረሖቮት በቫይዝማን ኢንስቲትዩት የአገራችን የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ቫይዛክ ሥራ ሲጀምር፣ ፕሮግራም የሚጻፈው ማሽኑ በሚያውቀው ቁጥር ነበር። አሜሪካዊቷ የሒሳብ ምሁር ግሬስ ሆፐር ግን በ1952 ኤ-0ን ሠርታ የዚህን ድካም ከፊል ለራሱ ለማሽኑ ሰጥታው ነበር። በ1957 ደግሞ በአይቢኤም የጆን ባከስ ቡድን ፎርትራንን አወጣ፤ ሰው ቀመሩን እንደ ቀመር ይጽፋል፣ ኮምፓይለሩ ይተረጉማል።

ዛሬ በሲ ቋንቋ የጻፍነው ኮድ በደረጃ ነው የሚያልፈው። ኮምፓይለሩ ሰዋስዉን መርምሮ ወደ አሴምብሊ ይለውጠዋል፤ «ሀ = ለ + 2» የምትል አንዲት መስመር «ለን አምጣ፣ 2 ደምር፣ ሀ ላይ አስቀምጥ» ወደሚሉ ትንንሽ ትእዛዞች ትበተናለች። አሴምብለሩ እነዚህን ወደ 0 እና 1 ይቀይራል። ሊንከሩ ከሌላ ቦታ የተጠሩትን ክፍሎች ያገናኝና የሚሠራ ፕሮግራም ይወጣል።

ኮምፓይለር ሰዋስው ከተበላሸበት ይቆማል፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነም ይናገራል። እኛም ያኔ «ይሄ ቃል አልገባኝም፣ እንጠይቅ» ብንል ኖሮ ቀጠሮው ባላለፈን። ታናናሾቻችን፣ አትገምቱ፤ ጠይቁ። ወላጆቻችንም፣ ልጅ «አልገባኝም» ሲላችሁ አትቆጡት፤ እውነቱን ነው የነገራችሁ።