ኩባንያ የየት አገር ሰው ነው?

የአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፊላደልፊያ ሲሆን ሳቫና ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው። በ1805 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የጆርጂያ ግዛት በቅርንጫፉ ላይ ግብር ጣለች። ባንኩ አልከፍልም አለ። ግብር ሰብሳቢዎቹ ገብተው ብር የሞላባቸው 2 ሣጥኖች ይዘው ወጡ። ባንኩም ከሰሰ፤ በጆርጂያ ፍርድ ቤት ሳይሆን በፌዴራሉ።

ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ዘመድ ከዘመዱ እንዲሉ፣ የጆርጂያ ዳኛ ለጆርጂያ ግብር ሰብሳቢ ሊያደላ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም ይህን ስለሚሰጋ፣ የተለያዩ ግዛቶች ዜጎች ሲካሰሱ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንዲያይ ፈቅዷል። ችግሩ «ዜጎች» የምትለዋ ቃል ናት። ባንክ እኮ አልተወለደም፣ ድምፅ አይሰጥም፣ ለቅሶ አይደርስም። የየት ግዛት ዜጋ ይባል?

ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል በ1809 መለሱ፦ ኩባንያው ራሱ ዜጋ አይደለም፣ ከጀርባው ያሉትን ሰዎች እንይ። ባለአክሲዮኖቹ የፔንሲልቬንያ ሰዎች ስለሆኑ ባንኩ መክሰስ ይችላል። ለእኔ ከሁሉም ሐቀኛው መልስ ይሄ ነው። ግን አላዛለቀም። ከ3 ዓመት በፊት ያው ፍርድ ቤት፣ ከከሳሾቹ አንዱ እንኳ ከተከሳሾቹ ከአንዱ ጋር የአንድ ግዛት ዜጋ ከሆነ በሩ ይዘጋል ብሎ ነበር። የባቡር ኩባንያዎች አክሲዮን በየግዛቱ ሲበተን፣ አንድ ባለአክሲዮን ብቻውን ክሱን ያፈርሰው ጀመር።

በ1844 ፍርድ ቤቱ ኩባንያን ያቋቋመችው ግዛት ዜጋ አድርጎ ቆጠረው። በ1853 የችሎት ዘመን ደግሞ የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ጉዳይ መጣ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። አንድ ሰው የቨርጂኒያን ሕግ አውጪዎች በጓዳ ሊያግባባለት ከኩባንያው ጋር ተዋውሎ፣ የ50,000 ዶላር ክፍያዬን ስጡኝ ብሎ ከሰሰ። ውሉ ነውር ነው ተብሎ ተረታ። በዚያው ፍርድ ግን ባለአክሲዮኖች ሁሉ ኩባንያው የተቋቋመበት ግዛት ዜጎች እንደሆኑ ይገመታል፣ ግምቱንም ማስተባበል አይቻልም ተባለ። ቦስተን ተወልዶ ቦስተን የሚኖረውም ሜሪላንዳዊ ሆነ ማለት ነው! እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለውን እናውቀዋለን፤ ስህተቱ ሳይታረም ፕሮግራሙ እንዳይቆም ብቻ የሚለጠፍ መስመር ነው።

በዚህ ፍርድ ከተስማሙት አንዱ ዋና ዳኛው ሮጀር ቶኒ ነበሩ።

በ1857 የድሬድ ስኮት ጉዳይ ተወሰነ። ስኮት በባርነት የተያዘ ሰው ነበር፤ የመጣውም በዚሁ በር ነው። እኔ የሚዙሪ ዜጋ ነኝ፣ ተከሳሹ የኒውዮርክ ነው፣ ስለዚህ የነፃነት ጥያቄዬን የፌዴራል ፍርድ ቤት ይይልኝ አለ። ቶኒ በጻፉት ፍርድ፣ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ዘሮች፣ ነፃ የወጡትም ቢሆኑ፣ ሕገ መንግሥቱ በሚለው ትርጉም ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ተባለ። ለባቡር ኩባንያ የሌለ ዜግነት በግምት ተፈጠረ፤ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች ላሉት ሰው ግን ያለው ተካደ። ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ሳነብ ደሜ ይፈላል። ይህን ለመሻር የእርስ በርስ ጦርነትና በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ አስፈለጉ።

ኩባንያዎቹ ግን በዜግነታቸው መጫወት ለመዱ። ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንታኪ ውስጥ «ብራውን ኤንድ የሎው» የሚባል የታክሲ ድርጅት ባቡር ጣቢያውን ለብቻው የያዘበት ውል ነበረው። የኬንታኪ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንደማይቀበሉ ባለቤቶቹ ያውቃሉ። ምን አደረጉ? ድርጅቱን አፍርሰው ቴነሲ አስመዘገቡት። ታክሲዎቹ ያው፣ ጣቢያው ያው፣ ወረቀቱ ብቻ ሌላ። በ1928 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይሄንንም አጸደቀ፤ ዳኛ ሆልምስ ተቃውመው ጽፈዋል።

በ1958 ኮንግረስ አንድ ኩባንያ የተመዘገበበትም፣ ዋና ሥራው ያለበትም ግዛት ዜጋ ይሁን ብሎ ደነገገ። «ዋና ሥራ» የት ነው የሚለው ደግሞ 50 ዓመት አጨቃጨቀ። መኪና አከራዩ ኸርትዝ ካሊፎርኒያ ላይ በሠራተኞች ሲከሰስ፣ በ2010 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አለቆቹ ተቀምጠው የሚመሩበት ቦታ ነው አለ፤ ብዙውን ጊዜ ዋና መሥሪያ ቤቱ።

ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ግን ዛሬም በ1809ኙ ሐሳብ ነው የሚታየው፤ ዜግነቱ የአባላቱ ሁሉ ነው። ከአባላቱ አንዱ ራሱ ማኅበር ከሆነ ወደዚያኛው አባላት ይወረዳል፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ። ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ በዚህ በር የሚገባ ተከራካሪ ይህን ዝርዝር ገና ከመነሻው ለፍርድ ቤቱ ማስገባት አለበት።