ቋሚ ስፒከር በደጋ ቤት

ወለል ላይ በራሱ እግር የሚቆም፣ ቁመቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ 1 ሜትርን አለፍ የሚል፣ ፊቱ ጠበብ ሆዱ ጠለቅ ያለ የሙዚቃ ማዳመጫ ሳጥን በእንግሊዝኛ «ፍሎርስታንዲንግ ስፒከር» ይባላል። የአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ «ታወር» ብሎ ያሳጥረዋል። በአማርኛ «ቋሚ ስፒከር» ብንለው ይበቃዋል። ቤት የሠራ ሰው ቋሚ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ወለል ረግጦ ቀጥ ብሎ የቆመው ነው። ጠረጴዛ ወይም ኮመዲኖ ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን ደግሞ «የመደርደሪያ ስፒከር» እንለዋለን። ስፒከር የሚለውን እንዳለ የተውኩት ከመንዙ መሐል ሜዳ እስከ መርሐቤቴው ዓለም ከተማ ሰው ሁሉ የሚጠራበት ስም ስለሆነ ነው።

ለምን «ድምፅ ማጉያ» አልተባለም የሚል ይኖራል። ይህ ቃል ብዙ ነገር ተሸክሟል። ሰባኪው የሚጨብጠው ማይክሮፎን ድምፅ ማጉያ ነው፤ ለቅስቀሳ መኪና ላይ የሚታሰረው ጡሩምባ ድምፅ ማጉያ ነው፤ አምፕሊፋየሩም ድምፅ ማጉያ ነው። ስፒከር ግን አያጎላም። ማጉላት የአምፕሊፋየሩ ሥራ ነው፤ ስፒከሩ የጎላውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ አየር ያንቀጠቅጥበታል። ይህ ልዩነት ኪስ ይነካል። ገዢ ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው ዋት ግን ሳይቃጠል የሚችለውን የኃይል ልክ እንጂ የሚያወጣውን ድምፅ አይነግርም። መጠየቅ ያለበት ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው፤ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ያወጣል? የቤት ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ84 እስከ 92 ባለው መካከል ይገኛል። የ3 ዴሲቤል ልዩነት ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እኩል ድምፅ ለማውጣት አንዱ የሌላውን እጥፍ ኃይል ይፈልጋል ማለት ነው።

ቁመት ያለው ሁሉ ቋሚ ስፒከር አይደለም። ከዲቪዲ ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው ቀጭን የሆም ቲያትር ስፒከር አብዛኛው ቁመቱ ባዶ የፕላስቲክ እግር ነው፤ ድምፅ የሚወጣው ከላይ ካለችው፣ መዳፍ ከማትሞላው ክብ ነው፤ ቤዙን የሚሠራው ለብቻው ጥግ የተቀመጠው ሳጥን ነው። ሞንታርቦም ሌላ ነው። ከጣሊያን ፋብሪካ ስም የወጣው ይህ ቃል ዛሬ በአገራችን ለሠርግና ለስብሰባ የሚከራየው ትልቅ ስፒከር ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ሞንታርቦ የተሠራው ዳስ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲሰማው፣ ድምፁም ራቅ ብሎ እንዲሄድ ነው፤ ሥራውንም በሚገባ ይሠራል። አራት ሜትር በአራት ሜትር ሳሎን ውስጥ ሲገባ ግን ዘፋኙ ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም። ጩኸቱን እንደ ጥራት የሚቆጥር ሰው ብዙ መሆኑ ያሳዝነኛል። ቋሚ ስፒከር ከአራትና ከአምስት ለማይበልጡ ሰዎች፣ ለዚያውም ተቀምጠው ለሚያዳምጡ፣ የተሠራ ነው።

ቁመቱ በከንቱ አልተጨመረለትም። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ ትሆናለች፤ ቀጭን ድምፅ ወደ ፊት ለፊቱ ጠብቦ ስለሚሄድ ከጆሮ መስመር በጣም ከወጣ ጥራቱ ይጎድላል። ዋናው ነገር ግን ሆዱ ነው። አንቶን ሆፍማን የተባለው አሜሪካዊ የስፒከር ባለሙያ ያስቀመጠው ሕግ አለ፤ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና በጥቂት ዋት ብዙ ድምፅ ሦስቱም በአንድ ላይ አይገኙም፤ ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ ነው። የመደርደሪያ ስፒከር ትንሽነትን ስለመረጠ ወይ ቤዙን ወይ ጉልበቱን ያጣል። ቋሚው ትንሽነትን ትቶ ሁለቱን ይይዛል። ወለል ላይ የሚወስደው ቦታ ግን ከመደርደሪያው ስፒከር ብዙም አይበልጥም፤ የተጨመረው ሁሉ ወደ ላይ ነው። በብዙዎቹ ፊት ወይም ጀርባ ላይ የሚታየው ክብ ቀዳዳ ፖርት ይባላል፤ በውስጡ ያለው አየር እየተመላለሰ የታችኛውን ቤዝ ያግዛል።

ይህ ሁሉ ምን እንደሚጠቅም በበገና ይታወቃል። በገና 10 አውታር አለው፤ በባህሉ አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ የሚያጉረመርመው ንዝረት የሚመጣው ከእሷ ነው። በስልክ ስናዳምጥ የሚደርሰን የእንዚራዋ ንዝረት ነው፤ የወፍራሙ አውታር መሠረት የለም። ጆሯችን ከላይኞቹ ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን የታችኛውን ስለሚገምትልን ግን ሁሉንም የሰማን ይመስለናል። የዓለሙ አጋን በገና፣ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራ በ11ኛው ቅጽ የወጣውን፣ በደህና ቋሚ ስፒከር ያዳመጠ ሰው ግምቱ ምን ያህል ከእውነተኛው እንደሚርቅ ወዲያው ይረዳል። ጣት አውታሩን ሲለቅ፣ እንዚራዋ ስትይዘው፣ የድምፅ ሳጥኑ ገበቴው ሲመልስ ተለያይተው ይሰማሉ፤ አንዱ አውታር ድምፁ እስኪሞት ድረስ ያለው ጊዜም ረዥም እንደሆነ ይታወቃል። ቋሚ ስፒከር ካላቸው ሰዎች አዘውትሬ የምሰማውም ይህንኑ ነው። «ቤዙ ደረቴን መታኝ» የሚሉት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ሲሰነብቱ «ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው መዝሙር ውስጥ ያልሰማሁት ነገር ነበር» ይላሉ።

ቅር የሚለውም አለ። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአገራችን ሙዚቃ መጀመሪያ በሸክላ ወጣ፤ የአምሃ እሸቴ ሸክላ አሳታሚ ድርጅት አምሃ ሪከርድስ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ ዘመኑ የካሴት ሆነ። ብዙው ዘፈን እኛ ዘንድ የደረሰው ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት፣ በመጨረሻም ተጨምቆ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ነው። በየመንገዱ ቤዙ ተሸርሽሯል፣ ቀጭኑ ድምፅ ሻክሯል። የቴፑ ትንሽ ስፒከር ይህን ሁሉ ይሸፍነው ነበር፤ ቋሚው አይሸፍነውም። ገንዘቡን አውጥቶ ገዝቶ የሚወደውን ዘፈን ሲከፍት «ድሮ ይሻል ነበር» የሚል ሰው ስፒከሩ ተበላሽቶበት አይደለም፤ ቅጂው ከመጀመሪያው እንዲሁ ነበር። ደህና ቅጂ መፈለግ ደህና ስፒከር ከመግዛት ይቀድማል።

ወደ መንዝ ስንወጣ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ ጉዳይ ይገጥመናል፤ አየሩ። የመሐል ሜዳ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ነው፤ የጓሳ ምድር ከዚያም ይልቃል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከሩብ በላይ ይሳሳል። ስፒከር አየር ገፊ ነውና የሚገፋው ከሳሳ፣ እኩል ቢመላለስም የሚያወጣው ድምፅ ያንሳል። ሒሳቡ 3 ዴሲቤል ሊጠጋ ይችላል። ፋብሪካው 87 ብሎ የጻፈለት ስፒከር መንዝ ላይ 84 ወይም 85 ሆኖ ያገለግላል፤ ያንን ለመመለስ አምፕሊፋየሩ እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ማውጣት አለበት። ውጭ አገር ዘመድ ቤት ሰምቶ «እንዲህ ያለውን ላኩልኝ» ያለ ሰው ሲደርሰው ድምፁ የደከመ ቢመስለው አልተሳሳተም። አዲስ አበባ ሰምቶ የገዛ ግን ብዙ አይጎዳም፤ ከተማዋ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቅናሹ አብዛኛው ሱቁ ውስጥ ሳለ ተቀንሷል። ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል የሚያየው መርሐቤቴ ከመንዝ ዝቅ ስለሚል የአየሩ ነገር እዚያ ይቀላል፤ ግሼ ራቤል ላይ ግን እንደ መንዝ ማሰብ ነው።

የሳሳ አየር ቃናውን አይለውጠውም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በአየር ግፊት አይደለም፤ ስለዚህ ፖርቱ የተቃኘበት ቦታ እንዳለ ይቆያል። ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ግን የታመቀው አየር እንደ ወትሮው አይገፋም፤ ይላላል፤ በዚህም ስፒከሩ ትንሽ ዝቅ ወዳለ ቤዝ ይወርዳል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። የስፒከሩ ጥቅልል ሽቦም ሆነ አምፕሊፋየሩ የሚቀዘቅዙት በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል። ብዙ የቤት ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ደረጃ ወጥቶለት የሚፈተነው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ብርድ አገር ነው ብሎ አምፕሊፋየሩን በጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ መክተት፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ማልበስ አይገባም።

ከዚያ ቤቱ አለ። የድሮው የመንዝ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የጓሳ ሣር ክዳን ያለው ነው። ሣሩ ድምፅ ይጠጣል፤ ድንጋዩ ይመልሳል፤ ግድግዳው ክብ ከሆነ ደግሞ የተመለሰውን ወደ መሐል ይሰበስበዋል። ዛሬ አብዛኛው ቤት አራት ማዕዘን ሆኖ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ከቤዙ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ የክረምት ዝናብ ሲመታው ማንኛውም ስፒከር ይሸነፋል። ኮርኒስ ያለው ቤት እዚህ ላይ ብዙ ይጠቀማል።

መሐል ሜዳ አንድ ዘመዴ ቤት ያየሁት ጥሩ ማሳያ ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ጥጉ ውስጥ፣ ጀርባቸው ግድግዳ ነክቶ ቆመዋል። ጋሼ አልተደሰቱም፤ «ሰውዬው እንስራ ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ግድግዳና ጥግ ቤዝ ያሳብጣሉ። ሁለቱንም ከኋላም ከጎንም አንድ አንድ ክንድ አራቅናቸው፣ ፊታቸውንም ወደ ወንበሩ ጠምዘዝ አደረግን፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ ወንበሩ ያለው እኩል እንዲሆን በገመድ ለካን። ባዶው የድንጋይ ግድግዳ ላይ ባና ሰቀልን። መንዝ በበግ ፀጉር የታወቀ አገር ነው፤ ባናውና ዝተቱ ከውጭ በውድ ከሚመጣው የድምፅ መጥለፊያ ስፖንጅ በምንም አያንሱም። ዘፈኑ እንደገና ሲከፈት እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው ዝም ብለው ቆሙ፤ ከዚያ «አሁን ዘፋኙ ከመሐል መጣ፤ ሳጥኖቹ ግን ዝም ብለዋል» አሉ። ባለሙያዎች ብዙ ገጽ የሚጽፉበትን፣ እኔ «የድምፅ መድረክ» የምለውን ነገር፣ ከዚህ በተሻለ የገለጸው አላጋጠመኝም። ሁለት ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ በትክክል ሲቆሙ ጆሮ ድምፁን ከሳጥኖቹ ነቅሎ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ላይ ያቆመዋል፤ ክራሩ ወደ ግራ፣ ከበሮው ራቅ ብሎ፣ ዘፋኙ ፊት ለፊት።

ባናው ግን ቤዝ አይይዝም። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ጨርቅ አይበቃውም። ለቤዝ ያለው መፍትሔ ቦታ ነው፦ የስፒከሩም የወንበሩም። አራት ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 42 ኸርዝ ገደማ ያለው ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይቆማል፤ ግድግዳው ሥር የተቀመጠ ሰው ቤዙ ያጥለቀልቀዋል፣ ልክ መሐሉ ላይ የተቀመጠው ቤዙ የጠፋ ይመስለዋል። ወንበሩን አንድ ክንድ ወደ ፊት መሳብ አዲስ ስፒከር ከመግዛት የሚበልጥ ለውጥ ያመጣል። በስፒከሩ እግር ሥር የሚገቡት ሹል ብረቶች ለምንጣፍ የታሰቡ ናቸው፤ እበት በተለቀለቀ ወለል ላይ ይሰምጣሉና ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስገባት ይሻላል። የቆመ ረዥም ሳጥን በልጅ ግፊት ይወድቃልና ይህን ጉዳይ በቸልታ ማለፍ አይገባም።

የመጨረሻው መብራት ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ የብዙ አምፕሊፋየር አቅም አብሮ ይወርዳል። አየሩ ቀድሞ ድምፁን ቀንሶታል፤ ሰው ደግሞ ጎደለ ብሎ ቁልፉን እየጨመረ ይሄዳል። አምፕሊፋየሩ አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ከተቆረጠው ሞገድ የሚወጣው ትርፍ ኃይል ወደ ትዊተሯ ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ የምትችለው ጥቂት ዋት ነው። ብዙ ሰው ስፒከር የሚቃጠለው አምፕሊፋየሩ ሲበዛበት ነው ብሎ ያምናል፤ ቤት ውስጥ ግን ደካማ አምፕሊፋየርን እስከ ጫፍ መክፈትም ትዊተር ያቃጥላል። ምልክቱ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» መሻከር ነው፤ ያኔ ወዲያው መቀነስ ነው። መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩን ከማጥፊያው ማጥፋት፣ ሲመለስም ትንሽ ቆይቶ መክፈት ይገባል። ትዊተር አንዴ ከተቃጠለች ከሌላ ስፒከር የተፈታች አትተካትም፤ ኦሟ (ለኤሌክትሪኩ ያላት መከላከያ ልክ) እና ሴንሲቲቪቲዋ ከሌሎቹ ካልገጠመ የአንዱ ወገን ድምፅ ከሌላው ይለይና መድረኩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ ሲገዙ መለዋወጫ ትዊተር ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።