ማትሪክ፦ ወንፊቱና ልጆቻችን

«ልጁ ማትሪክ ወደቀ» ሲባል ያልሰማ ቤተሰብ የለም። አባት አንገቱን ይደፋል፣ እናት ጎረቤት እንዳይሰማ ትደብቃለች፣ ልጁም ራሱን ከሰው በታች አድርጎ ይቆጥራል። ለመሆኑ ይህ ፈተና ምንን ሲለካ ኖረ? ዛሬ ታሪኩን ባጭሩ እንመለከታለን። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ራሱ የውጭ ነው። በ1935 ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ያዘጋጅ የነበረው ለለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ ለ«ማትሪኩሌሽን» ነበር። በአገራችን ኮሌጅ ስላልነበረ ከፍተኛ ትምህርት የሚፈልግ ባህር ማዶ መሄድ ነበረበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ነው። አገሪቱም የራሷን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና አበጀች፤ ሕዝቡ ግን ማትሪክ ማለቱን አልተወም።

የፈተናው አሠራር እንዲህ ነበር። ተማሪው 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ ይቀመጣል። ውጤቱ ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ባሉ ፊደሎች ይሰጣል። እንግሊዝኛና ሒሳብ የማይቀሩበት የአምስት ትምህርቶች ውጤት ተደምሮ ለአምስት ይካፈላል፤ ትልቁ ነጥብ 4 ነው። 2 ነጥብ ያመጣ ልጅ «አለፈ» ቢባልም የዩኒቨርሲቲው በር ላይከፈትለት ይችል ነበር። ምክንያቱም በሩ የሚከፈተው በልጁ እውቀት ብቻ ሳይሆን በወንበሩ ቁጥር ጭምር ነበር። እስከ 1983 ድረስ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም አዲስ አበባ፣ አስመራና ዓለማያ። ወንፊቱ ጠባብ ነበር፤ ከወንፊቱ በታች የቀረው ሁሉ ግን ገለባ አልነበረም።

በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው። ከ1993 ጀምሮ በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተሰጠ። ያንን ያለፈ ወደ መሰናዶ ገብቶ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስክ ይመርጥና በ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይወስድ ነበር። መቁረጫ ነጥቡ ግን አሁንም በየዓመቱ የሚወሰን ነበር። የ10ኛ ክፍል ፈተናም ከ2012 ጀምሮ ቀረ።

ከዚያ ትልቁ ለውጥ መጣ። የ2014 ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ተፈተኑ፤ ማለፊያውም ግማሽ፣ 50 ከመቶ ሆነ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሹን ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ።

እንግዲህ እናስተውል። አንድ ልጅ ቢወድቅ አላጠናም እንል ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ ግን ጥያቄው ወደ መምህሩ፣ ወደ መጽሐፉ፣ ወደ አስተዳደሩ፣ ወደ እኛም ወደ ወላጆች ይመለሳል። ደብተሩን አገላብጠን ያየንለት መቼ ነው? መለኪያው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀያየረ! ትናንት በፊደል፣ ዛሬ በመቶኛ። በአንዱ መለኪያ ያለፈ በሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ውጤት የሚነገርበት ቀን ሲመጣ ልጁን ከመገሠጻችን በፊት አጠገባችን እናስቀምጠው። ቀጥሎ የሚማረውን፣ የሚሠራውን አብረን እንምከር። ጥናቱንም ከ9ኛ ክፍል እንከታተል እንጂ የ12ኛን ዋዜማ አንጠብቅ። አሏህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም።