ያለ እህል የተጋገረ ዳቦ፦ የእናቴ ስኳርና የአያቴ ኮባ

(ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።)

እናቴ ስኳር እንዳለባት የታወቀው ዓምና ነው። ሐኪሙ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ተዪ፣ እንጀራውንም በልኩ አድርጊው ብሎ ሸኛት። እሷ ደግሞ ጠዋት ሻይ በዳቦ ካልቀመሰች ቀኑ የማይነጋላት ሴት ናት። ሳምንት ሙሉ ባዶ ሻይ ይዛ ግድግዳ ስታይ አንጀቴን በላችው።

ነገሩን የሰማች፣ ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ የዳቦ አሠራር ላከችልኝ። እህል የለበትም፣ ስኳር አይገባበትም፣ የሚጣፍጠው በበሰለ ሙዝ ነው። ዱቄቱ የአልሞንድ ነው። እሺ ብዬ ሱፐርማርኬት ሄድኩ፤ የአልሞንድ ዱቄቱን አነሳሁ፣ ዋጋውን አየሁ፣ ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ቤት ገብቼ ለእናቴ፣ "እማ፣ ከእህል ያልተሠራ ዳቦ አለ እኮ" ስላት ቀና ብላ አየችኝና፣ "እና እኔ በምን ያደግኩ መሰለህ?" አለችኝ።

አፈርኩ። እዣ ተወልዳ በቆጮ ያደገች ሴት ናት እኮ።

ኮልፌ ሲባል ማንዴላን የሚያነሱ አሉ። እውነት ነው፣ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል። እኔ ግን ኮልፌ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ የቆጮ ሽታ ነው። በጅማ መንገድ ከወልቂጤ በኩል የሚመጣው ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ በአየር ጤና በኩል ወደ ከተማው ይገባል። ሰፈራችን ጉራጌውም፣ ስልጤውም፣ ዶርዜውም፣ ጎጃሜውም አጥር ለአጥር የሚኖርበት ነው። እንደዚያም ሆኖ ልጆች ሳለን ቆጮ የሚበላበት ቤትና የማይበላበት ቤት ይለይ ነበር። እኛ ቤት ሁለቱም ነበረበት። እናቴ ጉራጌ፣ አባቴ የጎጃም ሰው፣ የሜጫ ልጅ።

የአባቴ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ጊዜ ለፋሲካ መጥተው ቆጮ ቢቀርብላቸው "ዛፍ ነው እንዴ የምትበሉት?" ብለው ሳቁ። ክፋት የነበረባቸው አይመስለኝም። እናቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸው ባሉበት ቆጮ አቅርባ አታውቅም። የአባቴ ዘመዶች እየመጡ ነው ከተባለ ቆጮው ጓዳ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። እኛም ልጆቹ ሳይነገረን ነገሩ ገባን፤ ትምህርት ቤት የምሳ ዕቃ ስንከፍት ቆጮ ከሆነ ክዳኑን ገርበብ አድርገን ነበር የምንበላው።

የሚገርመው እኚሁ አያቴ ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ኮባ ካልተገኘ ሊጡን አይነኩም ነበር። ኮባው አገር ቤት ግቢያቸው ውስጥ፣ ከጓሮ በር አጠገብ በቅሏል። እንግዲህ ያ ኮባ ሌላ ነገር አይደለም፣ የእንሰት ቅጠል ነው። እናቴ ግንዱን ፍቃ የምትበላውን ተክል አያቴ ቅጠሉን ቆርጠው ዳቦ ይጠቀልሉበታል። ለአንዷ ዳቦው ራሱ ነው፣ ለአንዷ የዳቦው ልብስ። ይህን ነገር ሳውቅ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ለማያውቀው ላስረዳ። እንሰት ከሙዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ከሩቅ ያየው ሰው ሙዝ ነው ብሎ ይምላል። የእንሰት ፍሬ ግን በፍሬ የተሞላ እንደሆነ ነው፣ አይበላም። የሚበላው ግንድ የሚመስለው ክፍልና መሬት ውስጥ ያለው ሥሩ ነው። ተተክሎ ለመቆረጥ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ ሴቶቹ በቀርከሃ ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከትፉታል፣ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ቀብረው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያብላሉታል። ይሄ ነው ቆጮ የሚሆነው። ሲፋቅና ሲጨመቅ ከሚወጣው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ነው። ሥሩ እንዲሁ ተቀቅሎ ሲበላ ደግሞ አሚቾ ይባላል። ከፍቂው የሚቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ገመድ ይወጣዋል። የሚጣል ነገር የለውም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ሕዝቡን "የእንሰት ባህል ሕዝብ" ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነውና።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. መጥቶ እስከ 1771 አገራችን ነበር። የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው። እሱ እንሰትን ጎንደር አይቶት በሥዕል ሳይቀር አስቀርቶታል። (ከእሱ በፊትም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ እንሰት ጽፏል።) ብሩስ እንደሚለው እንሰት ከጣና በደቡብ ምዕራብ በኩል ባለው በሜጫ አገር በሰፊው ይተከል ነበር፤ እዚያ የሰፈሩት ኦሮሞዎች ምግባቸው ባብዛኛው እሱ ነበር። ተቀቅሎ ሲበላ ደግሞ ጣዕሙን በደንብ ካልበሰለ ትኩስ የስንዴ ዳቦ ጋር ያመሳስለዋል።

ሜጫ! የአያቴ አገር። "ዛፍ ነው እንዴ የምትበሉት" ያሉት ሴትዮ አያት ቅድመ አያት በኖሩበት መሬት ላይ፣ ከ250 ዓመት በፊት ሰው ዳቦ ዳቦ የሚለውን እንሰት እየበላ ያድር ነበር። ጊዜ ሄደና ምግቡ ጠፋ፣ ቅጠሉ ግን ከጓሮ በር አጠገብ ቀረ። ዳቦ መጋገሪያ ሆኖ።

ለምን እንደጠፋ የታሪክ ሰዎች የተለያየ ነገር ይላሉ። የኔ ግምት እንዲህ ነው፦ ጤፍና ስንዴ ይሰፈራል፣ ጎተራ ይገባል፣ ተጭኖ ለጌታ ይወሰዳል፣ ለዘማች ስንቅ ይሆናል። እንሰት ጓሮ ቆሞ የሚኖር፣ የሚፈቀውም በሴት ጉልበት የሆነ ነገር ነው። ግብር የሚሰበስብ ሰው እህልን ቢያከብር አይገርምም። የሚከበረው ደግሞ የጌታ ምግብ ነው። በረሃብ ዘመን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በ1977ቱ ድርቅ ሰሜኑ ሲያልቅ የእንሰት አገር በአንጻሩ የተሻለ መቋቋሙ ተደጋግሞ ተጽፏል።

ነጩ ዳቦስ? እሱ የቅርብ ዘመድ ነው። "ፉርኖ" የምንለው ቃል ራሱ የጣሊያን ነው፣ ምድጃ ማለት። በየሰፈሩ በጠዋት ተሰልፈን የምንገዛው ለስላሳ ዳቦ የከተማ ነገር ነው፣ በኔ ዕድሜ እንኳ በየገጠሩ አይገኝም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሸገር ዳቦ ሲመረቅ በሰዓት 80,000 ዳቦ ያወጣል ተባለ። አዲስ አበባ ያለ ፉርኖ ዱቄት ማደር አቅቷታል ማለት ነው።

ስኳርም እንደዚያው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ኤች.ቪ.ኤ. በሚባለው የሆላንዶች ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ጣፋጭ ማር ነበር፤ እሱም ለጠጅ። እናቴ ልጅ ሳለች ስኳር የምታየው ከአዲስ አበባ ለመስቀል የሚገባ ዘመድ በወረቀት ጠቅልሎ ሲያመጣ ብቻ እንደነበር ትናገራለች። በደርግ ጊዜ ኮልፌ ገብታ ስኳር ከቀበሌ በራሽን ስትወስድ ነው ሻይ በሦስት ማንኪያ የለመደችው። እንግዲህ ነጩ ዳቦና ስኳሩ አርባ ዓመት አብረዋት ኖሩ። ዓምና ሐኪሙ ጋ የደረሰችው እነሱን ይዛ ነው።

ያለ እህል የሚጋገር ዳቦ የዛሬ የኢንተርኔት ፋሽን የሚመስለው ካለም ተሳስቷል። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት (የተገኘው በ1921 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ነው) የስኳር ሕመምተኛ ዋና ሕክምናው ምግብ መቆጣጠር ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ቡሻርዳ በ1840ዎቹ ስታርቹ ታጥቦ በወጣለት የስንዴ ዱቄት ዳቦ ያስጋግር ነበር። በ1870 ፓሪስ በጀርመኖች ተከባ ምግብ ሲጠፋ የሕመምተኞቹ ሽንት ውስጥ ያለው ስኳር መቀነሱን ያስተዋለውም እሱ ነው። ለንደን ላይ ደግሞ ፔቪ የሚባል ሐኪም የአልሞንድ ዳቦ ያዝ ነበር። የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የላከችልኝ አሠራር አያቱ ያ ነው። ሙዙ የገባበት በኋላ፣ በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሙዝ ዳቦ በየቤቱ ሲለመድ ነው።

እዚህ ላይ ቆጮን የስኳር መድኃኒት ነው ብዬ እንድጨርስ የጠበቀ ካለ ይቅርታ። እንደዚያ የሚሉ ፖስቶች አይቻለሁ፣ ሰው ያስታሉ። ቆጮ እህል አይደለም፣ ግሉተን የለውም፣ ግን ባብዛኛው ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ቡላማ ስታርች ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስታርች ሆድ ገብቶ ስኳር ይሆናል። እህል የለበትም ማለትና ስኳር አይጨምርም ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የበሰለ ሙዝም ያው ስኳር ነው፣ ስሙ ፍራፍሬ ስለሆነ አይምራችሁም። የጥንቶቹ ቆጮን ከክትፎ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር የሚበሉት ነገሩ ገብቷቸው ይመስለኛል፤ ለብቻው የሚበላ ሰው ቸግሮት ነው።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ ሳይሆን በእናቴ ጣት ነው። የመጀመሪያውን ዳቦ በቡላና በሦስት የበሰለ የአርባ ምንጭ ሙዝ ጋገርኩት። ሲወጣ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ሳቀችብኝ፣ ግን ሻይ አግኝታለችና ሁለት ቁራሽ በላች። ከሁለት ሰዓት በኋላ በመለኪያው ስንለካት ከነጩ ዳቦ ብዙም የራቀ አልነበረም። ሁለታችንም ዝም አልን።

ሁለተኛው ላይ አልሞንዱን በለውዝ ተካሁት። ለውዝ እዚሁ እፎይታ ገበያ ይገኛል። ሳይቃጠል ለስለስ አድርጌ ቆላሁት፣ ቅቤ እንዳይሆን ቶሎ ቶሎ እያቆምኩ ፈጨሁት። ሁለት ብርጭቆ የለውዝ ዱቄት፣ አራት እንቁላል፣ አንድ ሙዝ ብቻ፣ ያውም ገና ያልጠቆረ፣ እንዲያያይዘው ሁለት ማንኪያ ቡላ፣ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቀረፋና ትንሽ ኮረሪማ። ስኳር የለም፣ ማርም የለም። (ማር ስኳር አይደለም የምትሉ አክስቶች፣ ነው።) ኦቨን ስለሌለን በወፍራም ብረት ድስት፣ በዝግታ እሳት፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ ፍም አድርጌ ጋገርኩት። ከታችና ከላይ ኮባ አለበሰችልኝ። ኮባውን እሳት ላይ አሙቃ ስታለሳልሰው እጇን አየሁት። አያቴም ልክ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ይሄኛው ሲለካ ደህና ነበር። ለሁሉም ሰው ደህና ይሆናል አልልም፣ ሰውነት ይለያያል፤ መለኪያ ያላችሁ ለኩ፣ ሐኪማችሁንም ጠይቁ፣ መድኃኒት ደግሞ እንዳታቆሙ። በቀን አንድ ስስ ቁራሽ ነው የምትበላው።

ባለፈው ፋሲካ የአባቴ እህት ከባሕር ዳር መጥታ ነበር። እናቴ ቆጮውን ጓዳ አልከተተችውም። ከክትፎው አጠገብ አቀረበችው። አክስቴም ቀመሰች፣ ትንሽ ቆይታ ደገመች፣ "ይሄ ኮባችን ነው?" አለች። "አዎ፣ ኮባችሁ ነው" አለቻት እናቴ። ከዚያ እኔ የጋገርኩትን ቆረሱ። አክስቴ ጥሩ ነው አለች፤ እንግዳ ናት። እናቴ ኮባውን ገልጣ አሸተተችና፣ "ኮባው ሸጋ ነው፣ ዳቦህ ግን መሐሉ ገና አልበሰለም" አለችኝ።