ቹንቾን በአንድ የቃኘው ዘማች አንደበት

ስለ ቃኘው ሻለቃ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ተራራ ነው። ይህ አያስገርምም። ሻለቃው በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የተዋጋው በአመዛኙ በቁጥር በሚጠሩ ኮረብታዎች ላይ ነበር። ከ120 በላይ ወታደሮቹም በዚያው ጦርነት ወድቀዋል። የእኔ ጥያቄ ግን ከኮረብታው ግርጌ ነው። ዘማቹ ወደ ግንባር ሲወጣና ከግንባር ሲወርድ ያለፈባትን ከተማ እንዴት አያት? ያየውንስ በምን ቃል ነገረን?

ከተማይቱ ቹንቾን ናት። ከሴኡል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የሶያንግ ወንዝ ከቡክሃን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትገኛለች። 38ኛው መስመር ከበላይዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ስለሚያልፍ ጦርነቱ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ሲፈነዳ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዷ ሆነች። ቃኘው ሲደርስ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራ ፈራርሳ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ያነጋገርኳቸው አንድ የቀድሞ የክብር ዘበኛ አሥር አለቃ ስለ ፍርስራሹ ብዙም አልነገሩኝም። ፍርስራሽ በአገራቸውም በጣሊያን ጊዜ አይተዋል። ያስደነቃቸው ከተማ ወንዝ ዳር መቆርቆሩ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ አሥር አለቃው ጎጃሜ ናቸው። ለደጋ ሰው ወንዝ ማለት ቆላ ነው፣ ገደል ነው፣ ንዳድ ነው፤ በክረምት ሞልቶ አገርን ከአገር የሚለይ ድንበር ነው። መንደሩን ከአምባው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከጉብታው ላይ ይተክላል እንጂ ወደ ውኃው አይወርድም። ባሮ ዳር ያለችው ጋምቤላም ብትሆን ከካርቱም በሚመጣ የንግድ መርከብ የቆመች ከተማ ናት። ስለዚህ እርሳቸው ቹንቾንን ሲያዩ በመጀመሪያ የጠየቁት፣ እነዚህ ሰዎች ሙላት አይፈሩም ወይ የሚል ነበር።

ሁለተኛው ነገር ክረምቱ ነው፤ የእኛው የዝናቡ ሳይሆን የእነርሱ የብርዱ። ወንዙ ቆመ። ቋንቋችን እዚህ ላይ ይጠባል። ከሰማይ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ የሚነጠፈውንም፣ ውኃው ሲደርቅ የሚሆነውንም በአንድ «በረዶ» ነው የምንጠራው። «አመዳይ» በመጻሕፍት አለ፤ ከአሥር አለቃው አፍ ግን አልሰማሁትም። እርሳቸው ወንዙ «ረጋ» ነው ያሉኝ። ቅቤ ይረጋል፣ ሞራ ይረጋል። ያላዩትን ነገር ከእናታቸው ጓዳ ባገኙት ቃል ነገሩኝ። በበኩሌ ይህን ቃል ከብዙ የጦር ሜዳ ዘገባ አስበልጠዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹን ያነሳሉ። የቹንቾን ሴቶች የረጋውን ወንዝ በስተው ልብስ ያጥባሉ፤ ድንጋይ ላይ አጣጥፈው በእንጨት ይደበድቡታል። እኛ በእንዶድ አርሰን በእግራችን ነው የምንረግጠው፤ ስለዚህ ድምፁ ለጆሯቸው እንግዳ ነበር። ከሩቅ ሲሰሙት መጀመሪያ ተኩስ መስሏቸው እንደነበር ነግረውኛል። ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ባሎቻቸው የት እንዳሉ ሳይታወቅ፣ የእነዚያ ሴቶች ልብስ ነጭ መሆኑን ግን ደጋግመው ያነሱት ነበር። በዚህ አነጋገር ውስጥ አድናቆት ብቻ አይደለም ያለው። ነጭ ልብስ፣ የፈረሰ ቤት፣ አምባ የሚመስል ተራራ፤ እንግዳው አገር ቀስ እያለ የራሳቸውን ይመስላቸዋል። «የወንዜ ልጅ» የሚለው ቃልም በዚያ ሰፋባቸው። አገር ቤት ሳሉ ከአንድ ቀበሌ የመጣውን ብቻ ይሉት የነበረውን፣ ኮሪያ ላይ ለሐረሩም ለወለጋውም ይሉት ጀመር።

የታሪክ ባለሙያዎቻችን የዘመቻውን ቀንና ሹመት መዝግበዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ደግሞ ፉከራና ቀረርቶውን ሰብስበናል። ከፉከራው ውጭ፣ በጀብድ ያልተቀመመውን የወታደር ወግ ግን ሁለታችንም ትተነዋል። ይህ መተው ዋጋ አለው። አሥር አለቃው ያዩት ወንዝ ዛሬ የለምና። የቹንቾን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የዊያም በ1967፣ የሶያንግ በ1973 ተሠርተው ወንዙን ሐይቅ አደረጉት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ተገኝተው የመረቁት የዘማቾቹ ሐውልትም የቆመው በዚሁ ውኃ አጠገብ ነው። አሥር አለቃው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከአጠገቡ በእኛ ጎጆ አምሳል የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቷል።

የሐውልቱን ፎቶግራፍ አሳይቻቸው ነበር። ሐውልቱን ጥቂት ተመልክተው ጣታቸውን ከበስተጀርባው ውኃ ላይ አሳረፉና፣ ይህ ቹንቾን አይደለም አሉኝ። ስለ ግድቦቹ አስረዳኋቸው። ድንጋዮቹም ሰምጠዋል ማለት ነው ብለው ጠየቁ፤ ልብስ የሚታጠብባቸውን ድንጋዮች ማለታቸው ነው። ሰምጠዋል አልኳቸው። ከዚያ ወሬውን ወደ መልስ ጉዞው፣ ወደ ጅቡቲው ባቡር አዞሩት። ቃላቸውን የቀዳሁበት ሁለት ካሴት በእጄ አለ፤ ሊያዳምጥ የሚፈልግ ተማሪ ቢመጣ ደስ ይለኛል።